ከማይኩ ማዶ ያለው ሰው

አባቴ ሰውን የሚመዝነው በድምፁ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ችሎት ላይ ተቀምጦ የሰው ክርክር ሲያዳምጥ የኖረ ዳኛ ነው፤ ጡረታ ወጥቶም አመሉ አልለቀቀውም። ቧንቧ የሚጠግን ሰው ሲያስጠራ እንኳን ፊቱን አያየውም፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ነው የሚያዳምጠው። ስለዚህ አንድ ቀን ቁርስ ላይ «እስቲ የዚያን ልጅ ድምፅ ልስማው» ሲለኝ የያዝኩት ብርጭቆ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ለዚያች ቃል ስንት ወር እንደተጨቃጨቅን እኔና የቤታችን ግድግዳ ነን የምናውቀው።

«ያ ልጅ» የሚለው ካፒቴንን ነው። ካፒቴን ስሙ አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ሦስት ሆነን የምንጫወተው የጦርነት ጌም አለ፤ መሪያችን እሱ ስለሆነ እንደዚያ እንለዋለን። ሁለተኛው የካፒቴን የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ሁልጊዜ ከኋላ ቀርቶ በር ስለሚጠብቅልን በረኛ ይባላል። ለክፉም ለደጉም አንድ ቃል ካወጣ ብዙ ተናገረ ማለት ነው። እኔን ጆሮ ይሉኛል። ሥራዬ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳ ድምፅ ማጽዳት ነው፤ የማስታወቂያውን፣ የትረካውን፣ የመጣልኝን ሁሉ ከጫጫታ አጠራለሁ። ጌሙ ላይም ጠላት ከግድግዳ ጀርባ ሲራመድ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። «ጆሮዬ» ብሎ የሚጠራኝ ግን ካፒቴን ብቻ ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ በረኛ ይወጣል፣ እኛ እንቀራለን። መጀመሪያ ስለ ጌሙ እናወራ ነበር፤ ቆይቶ ጌሙን ረሳነው። ካፒቴን የሚኖረው በአውቶቡስ አንድ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ከተማ ውስጥ ነው፤ በአጎቱ የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። በአካል የተገናኘነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በሁለተኛው፣ መናኸሪያ ልሸኘው ሄጄ፣ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ እሱ እጄን አለቅም አለ። ረዳቱ እየጮኸበት፣ ሰው ሁሉ እያየን፣ ዓይን ዓይኔን እያየ «አንቺን ማግባት እፈልጋለሁ፤ ለአባትሽ ንገሪያቸው» አለኝ። ወደ ቤት እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። መሬት የረገጥኩ አይመስለኝም።

አባቴ ሲሰማ የሆነውን አትጠይቁኝ። «የመኪና ዕቃ መሸጡን እሺ ልቀበል» አለ፤ «ግን የልጄ ባል ከጌም ውስጥ ወጥቶ ይመጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።» እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ስለሆንን፣ ስንኳረፍ የሚያስታርቀን ሰው የለም። እሱ በሩን ዘግቶ ሬዲዮ ይሰማል፣ እኔ በሬን ዘግቼ አለቅሳለሁ። የሰው ፊት የማይፈራ ልጅ ነው፣ ሠርቶ ያድራል፣ ይወደኛል ብዬ ተከራከርኩ። እሱ ዳኛ፣ እኔ ጠበቃ። በመጨረሻ በትንሿ ቃል ረታሁት፤ «አባዬ፣ ሳትሰማው ነው የፈረድክበት» አልኩት። ይቺ አጥንቱ ድረስ ገባች። ለዚህ ነው ቁርስ ላይ እንደዚያ ያለኝ፦ እሁድ ከምሳ በኋላ፣ በዚያው በምናወራበት መሣሪያ ያነጋግረኝ አለ።

አያችሁልኝ መከራዬን? ዳኛው ሊሰማ ሲፈቅድ ካፒቴን ድምፅ አልነበረውም።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። አንድ ቀን ከሥራ መልስ ጌሙን ከፍቼ ስጠራው፣ ጆሮዬ ላይ ካጠለቅሁት ባለ ማይክ ሄድሴት የመጣልኝ መንሿሿት ብቻ ነው። ሽሽሽ ይላል፣ መሃል ላይ ይንጫረራል፣ ከውስጡ የሰው ድምፅ አይለይም። ወዲያው ጻፈልኝ፦ ሄድሴቱ ተበላሽቷል መሰለኝ፤ እኔ እሰማሻለሁ፤ አንቺ ተናገሪ፣ እኔ እጽፋለሁ። ስልክህስ ብለው ውሃ ገብቶበታል አለ። በረኛስ ብለው ሥራ በዝቶበት ጌሙን ትቷል አለ። ሦስት ነገር በአንድ ሳምንት። ጆሮ የሚሉኝ እኔ ነኝ እንግዲህ፤ ጉድ ነው።

ለኔ የድምፅ ብልሽት ማለት ለሐኪም ጉንፋን ማለት ነው፤ ስለዚህ አልደነገጥኩም። ገመዱን ነቅለህ መልሰህ ሰካው አልኩት፤ አደረግኩ አለ። ሌላው ቀዳዳ ላይ ሞክረው አልኩት፤ ሞከርኩ አለ። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀልና በባትሪ አድርገው፣ አንዳንዴ የመብራቱ ኃይል ነው የሚንሿሿው። ያው ነው አለ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የማይኩን መጠን ወደ ግማሽ አውርደው፣ ተጨማሪ ማጉያው ተከፍቶ ከሆነ ዝጋው። ያው ነው። ገመዱ ላይ ያለችውን የማይክ መዝጊያ ከፈት ዘጋ አድርጋት፣ ውስጧ ቆሻሻ ይይዛል። ማይኩ አፍ ላይ ያለችውን ስፖንጅ አውልቀህ አራግፋት። የጎረቤት ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ እየው። ያው ነው፣ ያው ነው፣ ያው ነው። በሙያዬ እንደዚህ ያለ ግትር ማይክ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ሌላ ግዛ አልኩት፤ ባለበት ከተማ እንደሱ ያለ አይገኝም አለ። እኔ ልላክልህ አልኩት፤ አይሆንም፣ አባትሽ ፊት በሰው ዕቃ አልቀርብም አለኝ። ኩራቱን ወደድኩለት፣ ጅሏ።

በመጨረሻ ዓይነቱን ልለየው ብዬ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጬ መንሿሿት ቀዳሁለት። የላላ ገመድ እንዲህ ነው የሚለው፣ ቻርጀር እንዲህ ነው፣ ከልክ በላይ የተከፈተ ማይክ እንዲህ ነው ብዬ ለየብቻ ላክሁለት። ያንተ የትኛውን ይመስላል? የቻርጀሩን አለ። የስቱዲዮው ባለቤት አጠገቤ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ ጫጫታ ሊያስጠፋ እዚህ ይመጣል፣ አንቺ ጫጫታ ትልኪያለሽ ብሎ ሳቀብኝ። ፍቅር ምን የማያሠራው ነገር አለ አልኩት፤ አፌን በቆረጠው።

እውነቱን ልናገር? በዚያ ሰሞን ደስተኛ ነበርኩ። ካፒቴን ሲያወራ ጥድፊያ ይወዳል፤ ጀምሬ ሳልጨርስ በቀልድ ያቋርጠኛል። ሲጽፍ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ረጋ አለ። ስለ እናቴ ጠየቀኝ፤ በድምፅ ስናወራ አንድ ቀን እንኳን ጠይቆኝ አያውቅም። ኩሽናው ውስጥ እስካሁን ያላነሳነው የእናቴ ሽርጥ በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ስነግረው ወዲያው አልመለሰም። ቆይቶ፦ «አታንሱት። የሚነሳበትን ቀን ሽርጡ ራሱ ይነግራችኋል» ብሎ ጻፈ። ያቺን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ለካ ሰው ሲዋደድ እንዲህ ይበስላል ብዬ አሰብኩ። መናኸሪያ ላይ ከወደድኩት ይልቅ በጽሑፍ የወደድኩት በለጠ።

እሁድ ሲቃረብ ጨነቀኝ። ቅዳሜ ጠዋት የመጨረሻውን መላ ነገርኩት፦ ማይኩን ክፈተውና ምንም ሳትናገር ዝም ብለህ ቅዳልኝ። መንሿሿቱን ለብቻው ካገኘሁት ፕሮግራሙ ያጠናውና ከንግግርህ ላይ ይቀንሰዋል፤ ነገ አባዬ አንተን ብቻ ይሰማል። እንቢ አላለም፣ እሺም አላለም፤ ዘግየት ብሎ ላከልኝ።

ስቱዲዮ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ትልቁን ሄድፎን አጥልቄ ዝምታውን ከፈትኩት፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመርኩ። ሽሽሽ። ሽሽሽ። ከዚያ ሲጥ የሚል ነገር ሰማሁ።

ያንን ሲጥታ አውቀዋለሁ። የኔ ወንበር ነው። የስቱዲዮው ባለቤት ጠዋት ሲገባ ከኔ ጋር ሰላም ከመባባሉ በፊት ያንን ወንበር ነው የሚሰድበው። ተነቃንቄ መሆን አለበት ብዬ እንደ ድንጋይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው መልሼ አጫወትኩት። ሲጥ። ቆምኩ። ወንበሩን በእግሬ ወዲያ ገፋሁት፤ ቆሜ አዳመጥኩ። ሲጥ። ትንሽ ሄዶ ደግሞ እንደገና፣ ያው ሲጥታ፣ ያው መንጫረር፣ ያው መንሿሿት። ስክሪኑ ላይ ሳየው ሞገዱ አንዱ ከአንዱ ቁርጥ አንድ ዓይነት ነው። እውነተኛ መንሿሿት ደግሞ ራሱን አይደግምም። የኔ ወንበር እዚያ፣ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ፣ ምን ይሠራል?

ገባኝ። የቀዳሁለትን የቻርጀር ድምፅ ነው እየደጋገመ ማይኩ ላይ ያጫወተልኝ። ሲጀመር ብልሽት የሚባል ነገር የለም። እኔ ላድነው የላክሁትን መልሶ እኔኑ ማታለያ አደረገው። ማልቀስ እንኳን አልቻልኩም፤ ተናደድኩ ማለትም አይገልጸውም። አፈርኩ። ምንም ሳላደርግ እኔ አፈርኩ።

ወዲያው በጌሙ መስመር ደወልኩለት። አነሳ፤ መንሿሿቱ መጣ።

«የምታጫውተውን ነገር ዝጋው» አልኩት። «ወንበሬን ሰምቼዋለሁ። ዝጋውና በገዛ አፍህ ተናገር።»

መንሿሿቱ ቆመ። ከማዶ የሰው ትንፋሽ ይሰማል፤ ጥርት ብሎ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ያህል። ማይኩ አንድም ነገር አልሆነም።

«ጆሮ» አለ ድምፁ። ጆሮዬ አላለም። «ይቅርታ። እኔ ነኝ።»

በረኛ ነበር።

የተናገረውን እንደ አመጣጡ ልንገራችሁ። ካፒቴን ከጌሙ ከወጣ ሰንብቷል። አጎቱ የሱቁ ሸሪክ ልጅ የሆነች ሴት አስተዋወቀውና ተስማሙ፤ ቤት ሊይዙ ነው። ለኔ መንገር አልቻለም። ፈራ ይሁን ሰነፈ በረኛም አያውቅም። ታዲያ ምን አደረገ? በጌም ሰዎች ዘንድ ገጸ ባሕሪን ለጓደኛ አውሶ መሄድ የተለመደ ነው፤ እኔም ስታመም በረኛ የኔን ተጫውቶልኝ ያውቃል። ካፒቴን የራሱን ከነመግቢያ ቃሉ ለበረኛ ሰጠው። ከነመሣሪያው፣ ከነማዕረጉ፣ ከነእኔ። «እንዳትጎዳ ቀስ እያልክ አቀዝቅዛት» ብሎ አደራ አለው። ድምፁ ስለማይመስል መጀመሪያ ጣቢያ ያልተያዘለት ሬዲዮ ማይኩ ሥር አስቀመጠ፤ እኔ የተሻለውን ስልክለት ያንን ተጠቀመ።

«ታዲያ ለምን አላቀዘቀዝከኝም?» አልኩት።

«አልቻልኩም» አለ። «ለማቀዝቀዝ እከፍታለሁ፤ አንቺ ስለ ቀንሽ ትነግሪኛለሽ፤ እጄ ሌላ ነገር ይጽፋል። ከቃሉ አንድም የሱ የለበትም፣ ጆሮ። ሁሉም የኔ ነው። የምወድሽ እኔ ነኝ።»

ይኸውላችሁ፣ ያ አንድ ቃል አውጥቶ የማያውቅ ልጅ። ሽርጡን ያለው እሱ ነው። ለካ ስለ እናቴ ያወራሁት ለሱ ነው፤ ያለቀስኩት እሱ እየሰማኝ ነው። አንጀቴን የበላኝ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ፤ ያኛው ሳይሰናበተኝ መሄዱ ነው ወይስ ይሄኛው ሳያንኳኳ መግባቱ።

«ነገስ? ነገ ለአባቴ ምን ልታሰማው ነበር?»

«መንሿሿቱን» አለ።

«እሱ ጣለኝ» አልኩት። «የተጣለ ሰው ይነሳል። አንተ ግን ለሱ ብዬ የሰጠሁትን ሁሉ ወሰድክብኝ። እንደምትወደኝ ከማወቄ በፊት ሰርቀኸኛል፤ አሁን ብትወደኝ ምን ያደርግልኛል?»

ማልቀሱን ሰማሁ። እኔ ጆሮ ነኝ፤ ሰው ማይኩን በእጁ ሸፍኖ ሲያለቅስም እሰማለሁ። አላዘንኩለትም ብል ውሸት ነው፤ ግን ሐዘኔን አልሰጠሁትም። አንድ ነገር ብቻ አዘዝኩት። ነገ ከምሳ በኋላ ካፒቴንን ከየትም ፈልገህ አምጣ፤ እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጠው፤ ለአባቴ በራሱ አፍ ይንገረው። ወራት ሙሉ የተሟገትኩለት ሰው እንደካደኝ እኔ ለአባቴ አልነግርም። ያንን ቃል ከኔ አፍ የሚያወጣው የለም።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ አልደብቃችሁም። የአባቴን ድምፅ ሲሰማ ያፍር ይሆናል፣ ይመለስ ይሆናል ብዬ ነበር። በሌላ ሰው በኩል የተጣልኩ ሴት፣ አሁንም ተስፋ አደርጋለሁ። በራሴ ተናደድኩ፤ ተስፋው ግን አልሄደም።

እሁድ አባቴ ኮቱን ለብሶ መጣ። ምሳ ላይ ከወትሮው ያነሰ በላ። የኔ ክፍል ውስጥ፣ የኔ ኮምፒውተር ፊት፣ ችሎት እንደሚሰየም ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ባለ ቀይ መብራቱን ሄድሴት በሽበቱ ላይ ሳጠልቅለት ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። በየት በኩል ነው የምናገረው ብሎ ጠየቀኝ፤ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋሁለት።

መስመሩ ተከፈተ። ድምፁ የሚገባው አባቴ ጆሮ ውስጥ ብቻ ስለሆነ እኔ አንዲት ቃል አልሰማም። የማየው ስክሪኑ ላይ ያለችውን አረንጓዴ መስመር ነው፤ ማዶ ያለው ሰው ሲናገር ከፍ ትላለች፣ ሲያቆም ትወድቃለች። ካፒቴን ነበር። ገና ከመጀመሪያዋ ከፍታ አወቅሁት፤ እንደዚያ የሚጣደፍ ሌላ ሰው የለም። በቃላቱ መሃል መስመሯ እስከ ሥሩ ድረስ ትወርዳለች። ጫጫታ የሚባል ነገር የለበትም። በሥራ ዘመኔ ከሰማኋቸው ሁሉ የጠራ መስመር ነበር።

አባቴ «ልጄ፣ እየሰማሁህ ነው፤ ተናገር» አለ። ከዚያ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

መስመሯ ወጣች፣ ወረደች። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ፊቱ ላይ ፍርዱን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ግን ያ ፊት ከኔ በፊት ስንት ሰው ሲያነበው የኖረ ነው፤ ምንም አልሰጠኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው እጁ ቀስ ብሎ ተጨበጠ። ያን ጊዜ ካፒቴን እንደማይመለስ አወቅሁ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ጨረስክ?» አለ አባቴ። አዳመጠ። «ሰምቼሃለሁ። ደህና ሁን።»

ሄድሴቱን በሁለት እጁ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ወደኔ አልዞረም። የኮቱን ቁልፍ ነካካ። እኔ የሚለውን ጠበቅሁ። ነግሬሽ ነበር ይበለኝ፣ ይገባኛል፤ ብሎኝ ይገላግለኝ ብዬ።

«ምንም አልሰማሁም» አለኝ። «ይሄ ነገራችሁ ዛሬም ይንሿሿል።»

መስመሯን አይቻታለሁ። ደህና ሁን ሲለውም ሰምቼዋለሁ። አባቴ በሕይወቱ ሲዋሽ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ሲዋሽም አይችልበትም። ድምፁ ተሰበረ።

«አባዬ» አልኩ።

«ለነገሩ» አለ፣ አሁንም ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ «እኔ አልፈቅድም። ድምፁን እንኳን ማሰማት ለማይችል ሰው ልጄን አልሰጥም። የሚጠይቅሽ ሰው ካለ፣ ጓደኞችሽም ቢሆኑ፣ ሥራ ቦታሽም ቢሆን፣ አባቴ እምቢ አለኝ በያቸው። ክፉ ሽማግሌ ነው፣ ከለከለኝ በይ። ይሄ በኔ ይሁን።»

ከትናንት ጀምሮ ውስጤ ተቋጥሮ የነበረው ሁሉ ያኔ ተፈታ። ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ከኋላው አቀፍኩት፤ ፊቴን ኮቱ ውስጥ ቀብሬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እጁን በእጄ ላይ አድርጎ ያዘኝ።

«እሺ አባዬ» አልኩት ሲቃው ጋብ ሲልልኝ። «ከለከልከኝ።»